ስለ ዳንቴልና ስለ አደባባይ

(ከይፋት የመጣን ተማሪዎች በማኅበሩ የውይይት ማታ ያሰማነው ንግግር)



ለዛሬ ማታ የተሰጠንን ጊዜ ስለ ክር ለመናገር እንደ መረጥን የሰሙ ጓደኞቻችን ሳምንቱን ሙሉ «ሹራባችንን መቼ ትጨርሱልናላችሁ?» እያሉ ሲቀልዱብን ሰንብተዋል። አልተቀየምናቸውም። እኛ የቀወት ልጆች ስለ ሹራብ የምናውቀው ይልቁንም ማውለቁን ነው። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንወርድ፣ ደብረ ብርሃን ላይ እስከ ጉሮሯችን የቆለፍነውን ሹራብ የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ እንከፍተዋለን፤ ደብረ ሲናን ትተን አርማንያ ስንደርስ እናወልቀዋለን፤ ሸዋ ሮቢት ስንገባ ግን በክንዳችን ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ብቻ ይሆናል። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1280 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ ለተቀመጠች ሞቃት ከተማ የሹራብ ጉዳይ ምኗ ነው? ይህን ጥያቄ ለራሳችን ያቀረብነው ዘግይተን፣ ገንዘባችንንም ካጠፋን በኋላ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ብንናገር ይሻላል።

በውጭ አገር ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋ አንድ የአደባባይ ጥበብ አለ። የመብራት ምሰሶ፣ የዛፍ ግንድ፣ የመናፈሻ ወንበር፣ የድልድይ መደገፊያ፣ ሐውልትም ሳይቀር በእጅ የተሠራ የሹራብ ወይም የዳንቴል ልብስ ይለብሳል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ያለ ፈቃድና በሌሊት ነው፤ ሲነጋ መንገደኛው ትናንት ራቁቱን የነበረውን ምሰሶ ለብሶ ያገኘዋል። ለዚህ ሥራ በጀማሪነት ስሟ የሚጠራው ማግዳ ሳዬግ የተባለች አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ የሱቋን በር እጀታ ሹራብ አለበሰችው፤ አላፊ አግዳሚው እየቆመ እንደሚያየው ባስተዋለች ጊዜም ወደ መንገድ ምልክቶች ተሻገረች። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ደግሞ ኦሌክ የምትባል በፖላንድ የተወለደች ሠዓሊ በኒውዮርክ የባንኮች ሰፈር የቆመውን ትልቅ የነሐስ ኮርማ ከቀንዱ እስከ ጭራው ዳንቴል አለበሰችው፤ ልብሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ተገፈፈ።

ሥራውን ለማታውቁት ባጭሩ እንግለጽ። ሸማኔ ድር ዘርግቶ ማግ በመወርወሪያ ያሳልፋል፤ ለዚህም ጉድጓድና ዕቃ ያስፈልገዋል። ሹራብና ዳንቴል ግን ድርም ማግም የላቸውም። አንዲት ክር ቀለበት ትሠራለች፣ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይገባል፣ እንዲህ እያለ ጨርቁ ያድጋል። ሹራቡ በሁለት ረጃጅም መርፌዎች፣ ዳንቴሉ ጫፉ ቆልመም ባለ በአንድ መርፌ፣ ማለት በኪሮሽ ይሠራል። ዕቃው በኪስ ይገባል፤ ሥራውም በአውቶቡስ ላይ እንኳ ሊቀጥል ይችላል። ድካሙና ጉዳቱ ደግሞ ያው ቀለበቱ ነው፤ አንዱ ከተበጠሰ ሁሉም ይተረተራል።

ሥዕሎቹን አይተን ልባችን ተነሣሣ። ባለፈው ረዥም ዕረፍት ገንዘብ አዋጥተን የሹራብ ክር ገዛን፤ በሸዋ ሮቢት በዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ የኒም ዛፍ መርጠን ግንዱን በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ካሬዎች አለበስነው። ካሬዎቹን የሠሩት ከእኛ መካከል ያሉት እኅቶቻችን ናቸው፤ ወንዶቹ መሰላል ይዘን ቆመናል። (ይህን ነገር ወደ በኋላ እንመለስበታለን።) ሦስት ቀን ያህል ከተማው ሁሉ ሳቀልን ማለት ይቻላል። የባጃጅ ነጂዎች ጥሩንባ እየነፉ አለፉ፤ ልጆች ግንዱን ዳበሱት፤ እኛም ሥዕላችንን አነሣን።

ከዚያ በኋላ የአገሩ አየር ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ካሬዎቹ ውኃ ጠጥተው ተንዘላዘሉ። ፀሐይ ስትወጣ ቀዩ እየነጣ ሄደ፤ ከሥሩ ጉንዳን ሰፈረበት። ክሩም የበግ ጠጉር መስሎን የገዛነው ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ የፋብሪካ ክር ኖሯል። በሦስተኛው ሳምንት ልጆች ከታች በኩል ተርትረው የጨርቅ ኳስ ማሰሪያ አደረጉት። ከሁላችንም ይልቅ ክሩን በሚገባ የተጠቀሙበት እነርሱ ይመስሉናል።

ነገር ግን ያሳፈረን ይህ አይደለም። ከዛፉ ሥር ሁልጊዜ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ገበያተኛ ሲጠፋ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ልብሱን በሰፋንበት ቀን ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው፣

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ዛፉ በርዶታል ነው የምትሉኝ?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ለጌጥ ነው እንጂ» አልናቸው።

«ጌጥስ ደግ ነው። ግንዱን አለበሳችሁት፤ ፀሐዩ የሚያቃጥለው ግን ከሥሩ የተቀመጥሁትን እኔን ነው። ጥላው እስከ ቀትር እንጂ ከዚያ ወዲያ ወደ መንገዱ ይሄድብኛል» ብለው እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ።

መልስ አልነበረንም። ለዛሬው ንግግራችን ምክንያት የሆነው ይህ የእኒያ እናት ቃል ነው።

በዚያው ሰሞን ተሰብስበን ስናዝን፣ ከመካከላችን አንዲት እኅታችን «እናንተ አዲስ ነገር ያገኛችሁ መስሏችኋል፤ እናቴ ቴሌቪዥኑን ዳንቴል ካለበሰችው ስንት ዓመቱ ነው!» አለች። ሳቅን፤ ቀጥሎም ነገሩን ስናስበው እውነት ሆኖ አገኘነው። በከተማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፤ ጠረጴዛው አለው፤ የሶፋው መደገፊያና ክንዱ አለው፤ የብርጭቆው ትሪ ሳይቀር ትንሽ ክብ ዳንቴል ይደፋበታል። እንግዳ በመጣ ጊዜ የሚዘረጋው ሌላ፣ የዘወትሩ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የሠሩት እናቶቻችንና ታላላቅ እኅቶቻችን ናቸው። ሥራውን በትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍል የተማሩ አሉ፤ ከጎረቤት የቀሰሙም አሉ። የአበባውን ቅርጽ አንዷ ከሌላዋ በዓይን እየቀዳች ትሠራለች እንጂ መጽሐፍ የምትከፍት ጥቂት ናት። ሂዩስተን ላይ እጀታ ሹራብ ለበሰ ተብሎ ከመወራቱ በፊት በእኛ ቤቶች ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ አልነበረም።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድር ነው? ልዩነቱ በሩ ነው። የእነዚያ ከደጅ ወጣ፤ የእኛ ከሳሎን አልወጣም። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ወዲህ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ስም፣ መምህርና የኤግዚቢሽን አዳራሽ አግኝተዋል፤ ይህም የሚያስመሰግን ነው። ዳንቴሉ ግን በሬዲዮኑ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ኤልያስ ስሜ ክርና ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ ትልልቅ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 በአዲስ አበባ ተከፍቷል። የእርሱን ሥራ ስናደንቅ ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። ክር በሠዓሊ እጅ ሲገባ ጥበብ፣ በእናት እጅ ሲቆይ የቤት ሥራ መባሉ ለምንድር ነው?

የክር ነገር በአገራችን ከጥንትም የተወላገደ ፍርድ አለበት። መፍተል ለሴት ክብር ነበር፤ ወይዘሮዎችም ሳይቀሩ በቅጥነቱ የሚመሰገን ክር ይፈትሉ ነበር። ያው ክር ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ሲወርድ ግን ሠሪው «ቁጢት በጣሽ» ተብሎ ይሰደባል። ፈታይዋ ትመሰገናለች፣ ለባሹ ይከበራል፣ ከሁለቱ መካከል ያለው ሰው ይናቃል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም ከእኛ ከተማሩት ወንዶች መካከል ኪሮሽ ይዞ በግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚደፍር ስንት ነው? እኛ ራሳችን መሰላል ይዘን የቆምነው ለዚህ ነበር። በአገራችን ሸማኔው ወንድ መሆኑን ስናስታውስ ይህ ኀፍረታችን ምንም መሠረት የለውም።

ይፋት ደግሞ በክር ረገድ ተራ አገር አይደለም። አርጎባዎች ከጥንት ጀምሮ በሸማኔነትና በንግድ የታወቁ ናቸው፤ ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባም በ19ኛው መቶ ዓመት ከታጁራ ለሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች የሸዋ ትልቅ ገበያ ነበረች። ደጋው የበግ ጠጉር አለው፤ መንዞች ከርሱ ባና ይሠራሉ። ቆላው ጥጥ አለው። ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ልቃቂት ሆኖ ይጠቀለላል። ዛሬ ብዙው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ይገዛል፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። ለቆላ ሰው ሰውነት የሚስማማው ይህ ጥጥ ሆኖ ሳለ እኛ ሄደን የነዳጅ ክር በዛፍ ላይ መጠምጠማችን የትምህርታችንን ጠባይ የሚያሳይ ይመስለናል።

በአደባባይ ያለ ነገርን ክርና ጨርቅ ማልበስ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አድባር የተባለ ዛፍ ቅቤ ይቀባል፤ ክርና የጨርቅ ቁራጭ የሚታሰርበትም አለ። ለጥምቀት መንገዱ በጨርቅና በባንዲራ ያጌጣል፣ ወጣቶችም በታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነሡ ያነጥፋሉ። ለሠርግ ዳስ ይጣላል። በይፋት ገበያ የምናየው በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ቆብም ከዳንቴል ወገን ነው፤ ከሳሎን ወጥቶ በአደባባይ የሚሄድ ዳንቴል ቢኖር እርሱ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ሥራውን ያውቀዋል። ስለሚያውቀውም እንደ ሂዩስተን ሰው «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ አይደነቅም፤ «ይህን ያሰረው ማን ነው? ለማንስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አድባር የሚያከብር አለ፤ የሚቃወም አለ። በማያውቁት ዛፍ ላይ በሌሊት ክር መጠምጠም በኒውዮርክ ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ አገር ግን ሁለት ጎረቤት ያጣላል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። በዛፉ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ያደረግነው ክር ሻጩ ዘንድ የተገኘው እርሱ ስለ ነበረ ብቻ ነው፤ ሆኖም በሁለተኛው ቀን «የማን ዓርማ ነው?» ብለው የጠየቁን ሁለት ሰዎች ነበሩ። በቅን ልቦና አልጠየቁንም ለማለት አንደፍርም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያየ ሰው በምሰሶ ላይ አዲስ ቀለም ሲያይ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል? በአገራችን ባንዲራ ከነዓርማው ይሁን ያለ ዓርማው በሚለው ሰው ይጣላል። ከዚህ የተነሣ ወደ ፊት የምንሠራው ሁሉ ቀለም ያልገባበት ነጭ ጥጥ እንዲሆን ተስማምተናል። ነጭ ሸማ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አማራውም አርጎባውም ኦሮሞውም ይለብሰዋል። አቧራው ቡናማ ያደርገዋል ያላችሁን እውነታችሁን ነው፤ ይታጠባላ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላስማማንም። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርያና ዮርገንሰን የምትባል የዴንማርክ ሠዓሊ የኢራቅን ጦርነት ለመቃወም አንድ ታንክ በኮፐንሃገን አደባባይ አቁማ በሮዝ ሹራብ ሸፈነችው። ከ4000 በላይ ካሬዎች፣ እያንዳንዱ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከብዙ አገር በጎ ፈቃደኞች ተሠርተው ተላኩላት። ከእኛ አንዱ ይህን ባየ ጊዜ «በሰሜን መንገዶች ዳር ስንት የተቃጠለ ተሽከርካሪ ቀርቷል! አንዱን በነጭ ጥጥ እናልብስ» አለ። ሐሳቡ ይማርካል፤ ከእኛ ግማሹ ዛሬም ይደግፈዋል። ሌላው ግማሽ ግን የሚለው ይህ ነው። የኮፐንሃገኑ ታንክ ማንም አልሞተበትም፤ ጦርነቱም ከዚያ ሩቅ ነበር። እኛ ዘንድ በዚያ ብረት ውስጥ የማን ልጅ እንደ ነደደ አናውቅም። የእርሱ እናት በመንገዱ ስታልፍ ነጩን ጥጥ ብታይ መግነዝ አይመስላትም ወይ? ደግሞስ ማን ፈቀደልን? ክርክሩ ሁለት ሌሊት ፈጀ፤ ጓደኛችንም አልተረታም። ቢሆንም የሚሠራው ሥራ የሁላችንም ስም ያለበት ስለ ሆነ ለጊዜው ትተነዋል።

ያ ክርክር ግን አንድ ሒሳብ አሠራን። 4000 ካሬ፣ እያንዳንዱ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጠቅላላ ስፋቱ 90 ካሬ ሜትር ነው። በየጎኑ 3 ሜትር የሆነ ጥላ 20 በ20፣ ማለት 400 ካሬ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንን ታንክ የሸፈነው ሥራ ለአሥር ጥላ ይበቃ ነበር፤ ከአንዱ ጥላ ሥር ሦስት ሽንኩርት ሻጮች ቢቀመጡ 30 ሰዎች ከቀትር በኋላ ፀሐይ አይነካቸውም። እኒያ እናት በአንድ ቃል የነገሩንን እኛ በሒሳብ ደረስንበት።

ስለዚህ ሐሳባችን በቀወት ገበያ አንድ ጥላ በዳንቴል ሠርቶ ማቆም ነው። ሸራ ወይም ላስቲክ አይቀልም ወይ ትሉን ይሆናል። ይቀላል። ላስቲክ ግን ሙቀቱን ከሥሩ ያፍናል፤ ዳንቴል ነፋስ ያሳልፋል፣ በመሬቱም ላይ የአበባውን ጥላ ይጥላል። ጌጥና ጥቅም ሲገናኙ ማየት የፈለግነው እዚህ ላይ ነው። ሞክረንም ያየነው አለ። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ክር በኪሮሽ ሲጎተት ይበጠሳል፤ ሦስቱን አንድ ላይ መግመድ ያስፈልጋል። ዓይኑ የሰፋ ዳንቴል ለጠረጴዛ እንጂ ለጥላ አይሆንም፤ ጠቅጠቅ ብሎ መሠራት አለበት። ሥራው በራሱ ክብደት መሐሉ ይረግባል፤ ስለዚህ ዙሪያውን የቃጫ ገመድ ተሰፍቶበት በአራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይወጠራል። ጥጥ ዝናብ ከጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም፤ ስለዚህ ጥላው የበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ይወርዳል፣ በእንዶድ ይታጠባል፣ እንደ ጋቢ ታጥፎ ይቀመጣል። እንደ ዛፉ ልብስ በሌሊት ሳይሆን፣ የከተማውን አስተዳደርና ሻጮቹን አስፈቅደን በቀን የምናቆመው ይሆናል።

ከመምህሮቻችን አንዱ ይህን ሰምተው «አገር ስንት ችግር እያለባት ተማሪ ዳንቴል ይሠራል?» ብለውናል። ግማሹን እንቀበላለን፤ በአንድ ጥላ የሽንኩርት ዋጋ አይስተካከልም። ነገር ግን በየስብሰባችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይል ተናጋሪ የለም፤ ድሩን የፈተለችው ማን እንደ ሆነች፣ ስንት እንደ ተከፈላት ሲጠየቅ ግን ሰምተን አናውቅም። ክሩን ከፈታዮቹ በገበያ ዋጋ እንገዛለን እንጂ በስጦታ አንለምንም። ከማኅበሩ ገንዘብ የምንጠይቀውም ይህንኑ ብቻ ነው፤ ለገመዱና ለምሰሶው እኛ እናዋጣለን።

ለጀማሪ አንዱ ካሬ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 400 ካሬ 800 ሰዓት ነው፤ አርባ ሰው ከተገኘ ለእያንዳንዱ 20 ሰዓት ይደርሰዋል። ይህ በአንድ የትምህርት ዘመን አጋማሽ በካርታ ጨዋታ ከምናጠፋው የሚበልጥ አይመስለንም። በሚመጣው ሐሙስ ማታ በዚሁ አዳራሽ እንጀምራለን። ኪሮሽ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ። የሚያስተምሩን እኅቶቻችን ዝግጁ ናቸው፤ መሰላል ይዞ የሚቆም ሰው ግን በዚህ ጊዜ አያስፈልገንም።

ለእኒያ እናትም ነግረናቸዋል። ቦታቸውን ከአሁኑ አስይዘዋል፤ በምሥራቁ ምሰሶ በኩል ነው። ከሚያስፈልገው ክር የመጀመሪያውን ልቃቂት እኔ እሸጥላችኋለሁ ብለዋል፤ ዋጋውን ግን ሽንኩርት ስታገኙት እንደምትከራከሩት እንዳትከራከሩኝ ብለው አስጠንቅቀውናል።